ስም ያጣችው ወፍ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። አባቶች ያሉትን መጠራጠር ድፍረት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን መልአኩ ስም ሲያወጣ ስለ ቁጥር እምብዛም የሚጨነቅ አይመስልም። ለዚህ ምስክሬ መቶ እግር ነው።

ነገሌ ቦረና ባረፍኩበት አልቤርጎ ጓሮ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ የቤቱ እመቤት የጎመን መደብ ስትቆፍር ከአንድ ድንጋይ ሥር ክር የመሰለ ቢጫ ነገር እየተጥመለመለ ወጣ። «መቶ እግር ነው፤ እንዳትነካው ወንድሜ!» አለችኝ እግሯን ሰብስባ። አልነካሁትም። ጎንበስ ብዬ ግን እግሩን ለመቁጠር ሞከርኩ። ሃያ ሳልሞላ አፈሩ ዋጠው።

ኋላ መጻሕፍት ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ቀጫጭን መቶ እግሮች እንደየዝርያቸው ከ27 እስከ 191 ጥንድ እግር አላቸው። የጥንዱ ቁጥር ታዲያ ጎዶሎ ነው። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አንድ እያለ ይወጣል እንጂ ለሁለት እኩል በሚከፈል ቁጥር ላይ አያርፍም። መቶ እግር እንዲኖረው ደግሞ ሃምሳ ጥንድ ያስፈልገዋል፤ ሃምሳ ለሁለት እኩል ይከፈላል። እንግዲህ ሒሳቡ እንደሚለው ከሆነ፣ መቶ እግር ከሚባለው ፍጡር መካከል ልክ መቶ እግር ያለውን ፈልጎ ማግኘት ከንቱ ድካም ነው። ስሙ ከሠላሳ እግሩም ከሦስት መቶ እግሩም ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ከመቶው ጋር ግን አይገናኝም።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ከመልአኩ የተሻሉ አልነበሩም። በአውሮፓ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኝ አንድ ቢጫ መቶ እግር አለ። ስዊድናዊው ደ ጊር እ.ኤ.አ. በ1778 በቢጫነቱ ስም አወጣለት። ከዚያ እንግሊዛዊው ሌች መጣና «ረጅም ቀንድ» የሚል ሌላ ስም ሰጠው። ቆይቶም ትርጉሙ «የሞተ ቅርፊት በላ» በሚል የግሪክኛ ስም ከሚጠራ ወገን ውስጥ ገባ፤ በዚህም ስም ለረጅም ዘመን በመጻሕፍት ተጻፈ። እንስሳው ግን ቅርፊት አይበላም፤ አዳኝ ነው፤ በአፈር ውስጥ ትላትልና ትንንሽ ነፍሳትን እያደነ ይኖራል። በስተመጨረሻ ሊቃውንቱ ወደ ደ ጊር ቢጫ ተመለሱ፤ ዛሬ ጂኦፊለስ ፍላቩስ ይባላል። እነሱ ሲከራከሩ እሱ ከዕፅዋት ሥርና ከአፈር ጋር በሰው እጅ ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካና አውስትራሊያ ደርሶ ነበር።

ስሙ ሲለዋወጥ ለመቶ እግሩ ምን ጎደለበት? ምንም። አፈሩ ያው አፈር፣ ትሉም ያው ትል ነው። በብዙ አገር ለተበተነና ለተትረፈረፈ ፍጡር ስም የሰው ጉዳይ እንጂ የራሱ ጉዳይ አይደለም።

ነገር ግን ከዚያው አልቤርጎ ጓሮ ብዙ ሳይርቅ፣ ስሟ የተለወጠባትና የስሟ ነገር ምናልባት የሕይወቷ ነገር የሆነባት አንዲት ወፍ አለች። ይህችን ጽሑፍ የማቀርበው ስለ እሷ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ለአንድ ፍጡር ያለብን ግዴታ ከስሙ ይመነጫልን?

* * *

ከአዲስ አበባ በሐዋሳና በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ ነገሌ የሚወርድ መንገደኛ ወደራን ያልፋል። ወደራ ድረስ አገሩ ደጋማ ነው፤ ዛፉ ይበዛል፤ ጉም ይወርዳል። ከወደራ በኋላ መሬቱ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ አፈሩ ይቀላል፤ ግራሩ ያጥራል፤ ነገሌ ሲደረስ የቆላው ፀሐይ ይቀበላል።

በዚህ በወደራ ጫካና አካባቢ የምትኖር አንዲት ያማረች ወፍ የኢጣሊያዊው ልዑል የሩስፖሊ ስም አለባት። ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ዝሆን ገደለው። በዕቃው መካከል ወፏ ተገኘች፤ ከየት እንደተያዘች የሚናገር ጽሑፍ ግን አልነበረም። ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። መኖሪያዋ የታወቀው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስም ነበራት፤ አድራሻ አልነበራትም። የምንጨነቅላት የነገሌዋ ወፍ ግን ዕጣዋ የዚህ ተቃራኒ ሆነ፤ አድራሻዋ በትክክል ሲታወቅ ስሟ ጠፋ።

ለብዙው አንባቢ የነገሌ ስም የሚነሳው ከ1966 ዓ.ም. ጋር ነው። በዚያ ዓመት በወርኃ ጥር በነገሌ የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውሃቸው አቤት ብለው ሰሚ በማጣታቸው አድመው አዛዣቸውን ያዙ፤ ነገሩም ለታላቁ ለውጥ መቅድም ሆነ። ከከተማይቱ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወጣ ሲባል የሚገኘው የሊበን ሜዳ ግን ሌላ፣ ድምፁ ያነሰ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 በዚህ ሜዳ ላይ አንዲት ቡናማ፣ ጀርባዋ ዝንጉርጉር የሆነ ትንሽ ወፍ ተያዘች። ፈረንጆች «ላርክ» ከሚሏቸው፣ በሣር ውስጥ ከሚሮጡና በሣር ውስጥ ጎጆ ከሚሠሩ ወፎች ወገን ናት። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር በ1975 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቃት፤ አገሩ በዚያን ጊዜ ሲዳሞ ስለነበረም በሲዳሞ ስም «ሲዳሞኤንሲስ» ብሎ ጠራት። ሁለተኛዋ ናሙና የተገኘችው በ1974 ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለ ነገሌ ወታደሮች በሚያወራበት በዚያ ዓመት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ያስታወሳት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ክሌር ስፖቲስውድ የተባለች ተመራማሪ ከመንግሥቱ ወንድአፍራሽ፣ ከይልማ ደለለኝና ከሌሎችም ባልደረቦቿ ጋር ሆና ያቀረበችው ጥናት ብዙዎችን አስደነገጠ። በሜዳው ላይ የቀሩት አዋቂ ወፎች ግምት ከ90 እስከ 256 ብቻ ነበር። በጥናቱ ርዕስ ላይ የሰፈረው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ይህ የግጦሽ መሬት መጎዳት በአፍሪካ በጽሑፍ የተመዘገበውን የመጀመሪያውን የወፍ ዝርያ መጥፋት ሊያስከትል ተቃርቧል የሚል ነበር። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በተመሳሳይ መስመር እየተሄደ በተደረገው ቆጠራ የታዩት ወፎች በ40 በመቶ ያህል ቀነሱ።

ምክንያቱ ምሥጢር አልነበረም። ወፏ የምትፈልገው ቁመት ያለው ሣር ነው፤ የምትደበቀውም የምትፈለፍለውም በእሱ ውስጥ ነው። ሜዳው ግን በአንድ በኩል በከብት ብዛት ተግጦ እንደ ምንጣፍ ሳሳ፤ በሌላ በኩል የእሾህ ቁጥቋጦ ወረረው፤ በሌላ በኩል ደግሞ እርሻ ገባበት። ጥንት የቦረና አርብቶ አደር አሮጌውን ሣርና ቁጥቋጦውን በእሳት እያቃጠለ ሜዳውን ያድስ ነበር። በደርግ ዘመን እሳት መልቀቅ ሲከለከል ቁጥቋጦው ነፃነት አገኘ። ክልከላውን ያወጡት ሰዎች መሬቱን ለመጠበቅ አስበው ነበር፤ መሬቱ ግን በእነሱ ጥበቃ ታመመ። በጎ አሳብ ሁሉ በጎ ፍሬ እንደማያፈራ ለመማር ከሊበን ሜዳ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

* * *

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ።

ከነገሌ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በጅጅጋና በወጫሌ በኩል፣ ሌላ የሣር ሜዳ አለ። በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ገዥ የነበረው ጄፍሪ አርቸር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ በዚያ ሜዳ ላይ ይህችን የመሰለች ወፍ አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በገዥው ስም «አርቸሪ» ተብላ ተሰየመች። ከዚያ ወዲህ እሷም ከዓይን ጠፍታ ቆየች።

በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት እነዚህን ሁለት ወፎች አገናኛቸው። ተመራማሪዎቹ በጅጅጋ አካባቢ የተገኙትን ወፎች ከነገሌዎቹና በሙዚየም ከተቀመጡት አሮጌ ናሙናዎች ጋር አስተያዩ፤ አካላቸውን ለኩ፤ ዘረ መላቸውን መረመሩ። ፍርዱ አጭር ነበር። ሁለት ዝርያ የለም፤ አንድ ነው። በሥነ ሕይወት ሕግ ደግሞ ለአንድ ፍጡር ሁለት ስም ከወጣለት የበኩሩ ስም ይጸናል። 1920 ከ1975 ይቀድማል። «ሲዳሞኤንሲስ» ወደቀ፤ «አርቸሪ» ቆመ። የነገሌዋ ወፍ ከሣሯ ሳትነቃነቅ የቅኝ ገዥውን ስም ተሸክማ አደረች። በሕዝብ መጠሪያዋ ብቻ «የሊበን ላርክ» እንደተባለች ቀረች።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህንን ፍርድ የሰጡት እነማን እንደሆኑ ነው። ከአራት ዓመት በፊት «ይህች ልዩ ዝርያ ልትጠፋብን ነው፤ ድረሱላት!» ብላ የጮኸችው ክሌር ስፖቲስውድ ናት ሁለተኛውንም ጥናት የመራችው። የተከራከሩለትን ስም በገዛ እጃቸው ሰረዙት።

ይህንን ታሪክ አዲስ አበባ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ለአንድ ወዳጄ ባወራው ጊዜ ሳቀብኝ። «ዝም ቢሉስ ምን ነበረበት?» አለኝ። «በዓለም ላይ ከሊበን በቀር የትም የማትገኝ ወፍ ስትባል ገንዘብም ይመጣል፤ ተቆርቋሪም ይነሳል። ጅጅጋም አለች ሲባል ሰው ይዘናጋል። ማንን ላይጎዳ እውነቱን ቆይተው ቢያወጡት ምናለ?»

የወዳጄ አሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የታመመ ሰው እንዳይደነግጥ ሕመሙን መደበቅ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ መርዶም በእኩለ ሌሊት አይነገርም፤ ጊዜ ይጠበቅለታል። ለበጎ ሲባል እውነትን ማቆየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ታዲያ ለአንዲት ወፍ ሕይወት ሲባል አንድ የላቲን ስም በመዝገብ ላይ ቢቆይ ምን ነውር አለው?

ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የወዳጄ ክርክር ከሥሩ ስንጥቅ እንዳለበት ታየኝ። ስንጥቁ እውነትን ስለ መደበቅ የሚያወራው ላይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ባለው፣ ሳይናገረው ባመነው ነገር ላይ ነው። ወዳጄ የወፏ ክብር ከብርቅነቷ ይመጣል ብሎ አምኗል። ብቸኛ ከሆነች ትከበራለች፤ እኅት ካገኘች ክብሯ ይቀንሳል።

እስቲ ይህንን እምነት እስከ መጨረሻው እንከተለው። የአንድ ፍጡር ዋጋ ከማነሱ የሚመጣ ከሆነ፣ ሣሯን ባወደምን ቁጥር ወፏ ትከብራለች ማለት ነው። ሁለት መቶ ስትሆን ውድ፣ ሃምሳ ስትሆን እጅግ ውድ፣ አንዲት ስትቀር ደግሞ ዋጋ የማይገኝላት ትሆናለች። ያዳናት ሰው ግን ያዋርዳታል፤ ተራብታ ሜዳውን የሞላችው ዕለት እንደ መቶ እግሩ ማንም የማይቆጥራት ተራ ነገር ትሆናለችና። አጥፊዋ አክባሪዋ፣ አዳኟ አዋራጇ የሚሆንበት ሥነ ምግባር ጤነኛ ሊሆን አይችልም።

በአገራችን ቤት ውስጥ የሚታየውን እንመልከት። ብዙ ልጆች ያሏት እናት አንዱ ሲታመምባት ሌሊቱን ሙሉ በእሱ ራስጌ ታድራለች። ይህን ያየ ጎረቤት «ከሁሉ አብልጣ የምትወደው እሱን ነው» ቢል እናትነትን አያውቅም። ፍቅሯ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሌሊቱ ግን የታመመው ልጅ ነው። እሱ ሲድን ከእንቅልፏ ትታረቃለች፤ ፍቅሯ ግን አልቀነሰም።

ብርቅነት የሚነግረን እንዲሁ ነው። ዛሬ ማታ በማን ራስጌ ማደር እንዳለብን ይነግረናል እንጂ ማን ውድ ማን ርካሽ እንደሆነ አይነግረንም። የሊቃውንት መዝገብ የሕሙማን መዝገብ ነው። መቶ እግሩ በመዝገቡ ላይ የሌለው የተናቀ ስለሆነ አይደለም፤ ደኅና ስለሆነ ነው። እርሱም በጨለማ አፈር ውስጥ ሆኖ ማንም ሳያመሰግነው የድርሻውን ይሠራል።

ይህ ከገባን ለወዳጄ ጥያቄ መልሱ ይቀላል። መዝገቡ የሕሙማን መዝገብ ከሆነ ውሸት አይጻፍበትም፤ የታማሚውን ማንነት ሳያውቅ የሚያክም ሐኪም የለምና። ደግሞም እውነቱ ሲወጣ ወፏን አላራቆታትም። የሊበንም የጅጅጋም ወፎች ተደምረው እንኳ ጥቂት ስለሆኑ፣ እጅግ ከፍተኛ አደጋ ላይ ከሚገኙት ተርታ ስሟ አልወጣም። እንዲያውም እውነቱ አዲስ ነገር ገለጠ። ሁለት እንግዶች የመሰሉን በሁለት ሩቅ ሜዳ ላይ የቀሩ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ጎጆዎች ሆነው ተገኙ። አንደኛው ጎጆ ቢቃጠል ሌላው አለ ብሎ መዘናጋት፣ ሁለት ልጅ ያላትን እናት «አንዱ ቢሞት አንዱ አለሽ» ብሎ እንደማጽናናት ነው።

* * *

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሊቃውንቱ ነው። በሜዳው ላይ የሚኖረውስ ሰው?

በሊበን ሜዳ ዳር ዱላቸውን ተደግፈው ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አገኘሁ። አማርኛም ይሰማሉ፤ ሲቸግራቸው አብሮኝ የነበረው ወጣት ያስተረጉማል። ሰላምታው ረዘመ፤ የከብቱ ደኅንነት፣ የዝናቡ ነገር፣ የቤተሰቡ ጤና በየተራ ተጠየቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ወፏ አነሳሁ። «አባቴ፣ ይህችን ወፍ በእናንተ ቋንቋ ምን ትሏታላችሁ?»

«ሲምቢራ» አሉኝ።

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ወፍ ማለታቸው ነው» አለኝ።

ሌላ ስም እንዳላት ደግሜ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው በትዕግሥት ተመለከቱኝና በዱላቸው ወደ ከብቶቻቸው እያመለከቱ ይዘረዝሩልኝ ጀመር፤ ይህቺ እንዲህ ትባላለች፣ ይህቺ ግንባሯ ነጭ ስለሆነ እንዲህ፣ ያቺ ቀንዷ ወደ ታች ስለወረደ እንዲህ። እኔ «ቀይ» ብዬ የማልፈውን እርሳቸው በብዙ ስም ይለዩታል። የቦረና ሰው ለከብት መልክ ስም አያጣም። ሰው አብሮት ለሚኖርበት፣ ለሚኖርለት ነገር ስም ያወጣል። ለሌላው «ወፍ» ይበቃል። ይህንን ድንቁርና ነው የሚል ሰው ካለ፣ እስቲ የገዛ ጓሮውን መቶ እግር በዝርያ ይለይልን!

«ፈረንጆች ስለዚህች ወፍ ሲሉ ከሩቅ ይመጣሉ» አልኳቸው።

«መምጣታቸውን አይተናል» አሉ። «ጥሩ ነው። እኔ ግን የምፈልገው ሣር ነው። ሣሩ ከተመለሰ ጥጃዬ ትጠግባለች። ወፊቱስ ቤቷ የት ሆነና? እዚያው ሣር ውስጥ አይደለም?»

ይህ አነጋገር ከብዙ ጉባኤ የበለጠ ብልህ ነው። ቦረናዎች «ካሎ» የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው። በዝናብ ጊዜ የተወሰነ የግጦሽ መሬት ከከብት ይከለላል፤ ሣሩ ይረዝማል፤ ድርቅ ሲመጣ ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ይከፈታል። በሊበን ሜዳ ላይ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርና አጋሮቹ ከኅብረተሰቡ ጋር ሆነው የሠሩት ይህንኑ ልማድ መልሶ ማቆም ነው፤ ቁጥቋጦ ተመነጠረ፤ ካሎ ታጠረ። ሣሩ ሲረዝም ጥጃውም ወፏም ያገኙበታል። ወፏን ለማዳን አዲስ ሕግ ከውጭ ማምጣት አላስፈለገም፤ አገሩ የነበረውን ሕግ ማስታወስ ይበቃ ነበር።

ይህ ማለት ግን ነገሩ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ለአምስት ወቅት በቀረ ጊዜ በቦረና ምድር ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ። አንድ ሰው ላሙ በፊቱ ስትወድቅ እያየ ከአጥሩ ማዶ የቆመ ሣር ቢያይ ምን ያድርግ? «ወፏ ናት ወይስ ላሚቱ?» ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ብቻ መሆኑ ራሱ ግፍ ነው። ስሟን ያወጡት በፓሪስና በለንደን ተቀምጠው ነው፤ ስሟን የሚያነቡት በአዲስ አበባ ነው፤ ዋጋዋን እንዲከፍል የሚጠየቀው ግን ስሟን እንኳ የማያውቀው የሜዳው ሰው ነው። ወፏ የዓለም ሀብት ከሆነች ለወፏ የሚራበው የአንድ ቀበሌ ጥጃ ብቻ ሊሆን አይገባም።

* * *

ከነገሌ ስመለስ ሌላ ነገር በልቤ ይመላለስ ነበር። ወፏ የተሰየመችበት ሲዳሞ የሚባለው ክፍለ ሀገርስ የት አለ? ያ ሰፊ ክፍለ ሀገር ከካርታው ላይ ከወረደ ቆየ። ኤራር ስሟን ሲጽፍ የማይናወጥ መስሎት የነበረው የአገር ስም ከወፏ ስም ቀድሞ ነው የተሻረው። ከዚያ ወዲህ ነገሌ የቦረና ዞን ሆነች፤ የጉጂ ዞን ሲቋቋም ወደ ጉጂ ተቆጠረች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ትሁን ተብሎ ብዙ ተቃውሞና ቁጣ ተነሳ። ወፊቱ አንድ ሜዳ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አስተዳደር አሳለፈች።

ሰው እንደ መቶ እግሩ ስሙ ሲለወጥ ዝም ብሎ አፈሩን አይምስም። ሰው በስሙ ይኖራል፤ በስሙም ይጣላል። ግን ከወፏ የምንማረው ይመስለኛል። «ሁለት ናችሁ» የተባሉት አንድ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ የአንዱ ስም ሲጸና የሌላው መውደቅ ግን ያማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መዝገብ ላይ ስማችን ማንም ቢባል ውሃና ሣር የምንጋራው በአንድ ሜዳ ላይ ነው። ለጎረቤቴ ያለብኝ ግዴታ በየትኛው ዞን እንደተቆጠረ ተጠይቆ የሚወሰን ከሆነ፣ ካርታ በተሠራ ቁጥር ሥነ ምግባሬም አብሮ ይሰረዛል ማለት ነው።

ታዲያ ስም ከንቱ ነውን? አይደለም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ኤራር ስም ባያወጣላት ኖሮ ይህች ወፍ ማንም ሳያውቃት ባለቀች ነበር፤ እኔም ወደ ሊበን ባልሄድኩ፣ ይህንንም ባልጻፍኩ። ስም ሩቅ ያለውን ሰው የሚጠራ ደወል ነው። የተጠራው ሰው መጥቶ ደወሉን ብቻ አድንቆ ከሄደ ግን ምን ይረባል?

በእኛ ወግ ስም ማውጣት ዕዳ አለበት። ክርስትና ያነሳ ሰው ልጁን ስም አሸክሞ አይሄድም፤ የክርስትና አባት ይሆናል፤ ኃላፊነት አለበት። ቦረናም ለበኩር ልጁ ስም የሚያወጣበት «ጉብሳ» የተባለ ታላቅ ሥርዓት አለው፤ ያ ስም በወገን ፊት የሚሰጥ ቃል ኪዳን ነው። ለፍጥረትም ስም የሚያወጣ ዓለም ይህንን ዕዳ ሊረሳ አይገባውም። ስም ያወጣ፣ ስም የመዘገበ፣ በስሙም ጉባኤ የተቀመጠበት ሁሉ የሣሩን ዋጋ ከሽማግሌው ጋር ሊካፈል ይገባል። ግዴታችን የሚጀምረው ከስሙ ሳይሆን ከጉርብትናው ነው፤ ስሙ ግን ሩቅ ያለነውንም ጎረቤት ያደርገናል።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን ተረት ለጀግና መጽናኛ ስንጠቅሰው ኖረናል። ለዚህች ወፍ ግን መጽናኛ ሳይሆን ማስፈራሪያ ነው። ሁለት ስም ነበራት፤ አንዱ ተሽሯል፤ ሌላው ከመጻሕፍት አይጠፋም። መጻሕፍቱ እሷ ብታልቅም ስሟን ይዘው ይቆያሉ። እኔ የምመኝላት ተቃራኒውን ነው፤ ስሟ ይጥፋ፣ ይለወጥ፣ ይረሳ፣ እሷ ግን ትኑር።

ከሊበን ከመውጣቴ በፊት በነበረው ማለዳ ከካሎው አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። ከሣሩ ውስጥ አንድ ትንሽ ቡናማ ነገር ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፤ በአየር ላይ ለአፍታ ዘመረና ተመልሶ ወረደ። ሽማግሌው አጠገቤ ነበሩ።

«ያቺ ናት?» አልኳቸው።

«ሲምቢራ» አሉኝ፤ ጥጆቻቸውን ወደ ሜዳው እየነዱ።